ጫጩቶቻችን ለምን ሞቱ? ከደረሰብን ጉዳት የተማርነው

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ተጠሪዎችና ለካህናት የቀረበ ንግግር





በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ የሚቆም ሰው ብዙውን ጊዜ የተከናወነለትን ሥራ ይናገራል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስላልተከናወነልን ሥራ ነው። ይህን የምናደርገው በጉዳታችን ልንመጻደቅ አይደለም፤ እናንተም በየአጥቢያችሁ ለችግረኞች ጫጩት ለማከፋፈል እንዳሰባችሁ ስለምናውቅ፣ እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ የት እንዳለ ልናሳያችሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

አጥቢያችን በደብረ ብርሃን ዙሪያ ካሉት የደጋ አጥቢያዎች አንዱ ነው። ከዓመት በፊት የልማት ክፍላችን ለስድስት ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች መቋቋሚያ ይሆን ዘንድ 60 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዛ። ዕቅዳችን ቀላል ነበር። ጫጩቶቹን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለችው የዕቃ ቤት አሳድገን፣ 45 ቀን ሲሞላቸው ለእያንዳንዷ እናት አሥር አሥር ልንሰጥ ነበር። አውራዎቹ ለፋሲካ ይሸጣሉ፤ ቄቦቹ እንቁላል ይጥላሉ፤ ከእንቁላሉ የልጆች ደብተርና የቤት ጨው ይገዛል ብለን ነበር። ከ60ዎቹ ጫጩቶች በጥር ወር አጋማሽ በሕይወት የነበሩት ሰባት ብቻ ናቸው።

ሰው ሁሉ «ድንገት አለቁ» አለ። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ኋላ ግን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተቀምጠን ቀኑን በቀን ስንቆጥር፣ አንዱም ሞት ድንገተኛ እንዳልነበረ ተረዳን። ሞታቸው በሦስት ጊዜ የመጣ ነበር፤ ሦስቱም ጊዜ በሩን የከፈትነው እኛው ነን።

የመጀመሪያው ሞት፦ ብርድና ከሰል

ጫጩቶቹ የመጡት በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ወቅት ነው። በካርቶን ተጭነው ረጅም መንገድ ተጉዘው አመሻሹ ላይ ደረሱ። የዕቃ ቤቱን ጠርገን ጭድ ጎዝጉዘን ነበር፤ ሙቀት ግን አላዘጋጀንም። «ላባ አላቸው፤ ተሰብስበው ይሞቃሉ» አልን። ይህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነበር።

የአንድ ቀን ጫጩት ለብሶ የምናየው ለስላሳ ጠጉር እንጂ ላባ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ የራሱን የሰውነት ሙቀት በሚገባ መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት እርሱ ባለበት ቁመት ልክ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ላባ እያወጣ ሲሄድ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይለምዳል። በተፈጥሮ ይህን ሙቀት የምትሰጠው እናቱ ናት። ጌታችን ለኢየሩሳሌም ባዘነላት ጊዜ ጫጩቶቿን ከክንፎቿ በታች የምትሰበስበውን ዶሮ ምሳሌ አድርጎ መናገሩን ሁላችን እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜም ሰብከነዋል። ሆኖም እናት የሌላቸውን ጫጩቶች ስንቀበል ክንፉን ማን እንደሚተካ አላሰብንም።

በመጀመሪያው ሌሊት ጫጩቶቹ ብርዱን ሸሽተው በአንድ ማዕዘን ተደራረቡ። ጠዋት ስንገባ ከሥር የነበሩት ታፍነው ሞተው አገኘናቸው። በዚህ ደንግጠን በማግሥቱ ሌሊት የከሰል ማንደጃ አስገባን፤ ሙቀቱ እንዳይወጣም መስኮቱን በጆንያ ደፈንን። በነጋታው በማንደጃው ዙሪያ የነበሩት አንዳች ቁስል ሳይኖርባቸው ተዘርረው ተገኙ። የከሰል ጢስ ውስጥ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለ፤ አየር በማይገባበት ቤት ጫጩትንም ሰውንም ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ጫጩቶቹን ለመጠበቅ በዚያች ክፍል ያደረ ዲያቆን ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ሌላ ነገር በሆነ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በአራት ሌሊት 19 ጫጩቶች ሞቱ። ከሞቱት መካከል ምናልባት አንዳንዶቹ በሌላ ምክንያት የተዳከሙ ይሆናሉ። ንጹሕ ካልሆነ እንቁላል የተፈለፈለ ጫጩት እትብቱ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ሆዱ ያብጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንትም ይሞታል። ከእናት ዶሮ በእንቁላል በኩል የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ጫጩትም ነጭ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ፊንጢጣው በኩስ ይለጠፋል፤ ክንፉን ጥሎ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለው ጫጩት ወዲያው ከሌሎቹ መለየት አለበት። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የሞቱትን የገደላቸው በአብዛኛው ብርዱና ከሰሉ ነው።

ዛሬ የምናደርገውን እንንገራችሁ። ጫጩት ከመምጣቱ ከአንድ ቀን በፊት ማሳደጊያው ይሞቃል። ማሳደጊያው ማዕዘን የሌለው፣ በካርቶን ወይም በሰሌን የተከበበ ክብ ነው፤ ጫጩት የሚደራረበው ማዕዘን ሲያገኝ ነውና። መብራት ባለበት አጥቢያ አምፖል ዝቅ ተደርጎ ይንጠለጠላል። መብራት በሌለበት ወይም በሚጠፋበት ጊዜ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጀሪካን በጨርቅ ተጠቅልሎ በመካከላቸው ይቀመጣል፤ ሌሊትም ውኃው ይለወጣል። ግድግዳው በደረቅ ሣር የታጨቀ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ ሌሊት ሌሊት እዚያ ማሳደርም ይቻላል፤ ሣሩ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ለማንኛውም ዓይነት ማሳደጊያ ግን ከላይ በኩል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አይዘነጋም። እንቁላል ታቅፋ የምትገኝ ዶሮ ካለች ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ በሌሊት አሥር ያህል ጫጩቶች ቀስ ተብሎ ከሥሯ ቢደረጉላት እንደራሷ ልጆች ትቀበላለች።

የሙቀት መለኪያ የሌለን ሁሉ ጫጩቶቹን ራሳቸውን እናንብብ። ከሙቀቱ ሥር ተጨናንቀው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ከሙቀቱ ርቀው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ብቻ ከተሰበሰቡ ከወዲያ በኩል ነፋስ ይገባል። ተበታትነው የሚበሉ፣ የሚጠጡና የሚተኙ ከሆነ ደኅና ናቸው። ይህን ለማየት ምሽት አንድ ጊዜ፣ እኩለ ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ንጋት ላይ አንድ ጊዜ የሚገባ ሰው መመደብ ያስፈልጋል። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ትንሽ ስኳር ተጨምሮበት መጀመሪያ ይሰጣል፤ ጠጥተው ከበረቱ በኋላ መኖ ይቀርባል። የውኃው ዕቃ ጫጩቱ የማይገባበት ጠባብ ወይም ጠጠር የተሞላበት ይሁን፤ አለዚያ ውስጡ ገብቶ ይሰጥማል፤ ባይሰጥምም ረጥቦ በብርድ ይሞታል።

ሁለተኛው ሞት፦ የረጠበ ጉዝጓዝ

የተረፉት 41 ጫጩቶች በረቱ። እኛም ተዘናጋን። በአራተኛው ሳምንት ግን አንዳንዶቹ ትከሻቸውን ሰብቀው፣ ላባቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መቆም ጀመሩ። ኩሳቸው ላይ ደም ታየ። በአንድ ሳምንት ስድስቱ ሞቱ።

ይህ በሽታ ኮክሲዲዮሲስ ይባላል፤ ሕዝባችን የደም ተቅማጥ ይለዋል። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ዕድሜ ያላቸውን ጫጩቶች አብዝቶ ያጠቃል። የሚያመጣው ጥቃቅን ተውሳክ ከታመመው ጫጩት ኩስ ጋር ይወጣል፤ ነገር ግን እንደወጣ ወዲያው ሌላውን ሊያሳምም አይችልም። ለመብሰል እርጥበትና ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ ይህን ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ግማሽ አውቋል ማለት ነው። ኩሱ በየቀኑ ከተጠረገ፣ ጉዝጓዙም ደረቅ ከሆነ ተውሳኩ ሳይበስል ይወገዳል። በእኛ ቤት ግን ከውኃው ዕቃ ሥር ያለው ጭድ ለሳምንታት እንደረጠበ ቆይቶ ነበር፤ የሚጠርግ ተረኛም አልነበረም።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለው። አምፕሮሊየም የተባለው መድኃኒት በባለሙያ መጠን ተለክቶ በሚጠጡት ውኃ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል። የሚጠቅመው ግን ምልክቱ እንደታየ በዚያው ቀን ሲጀመር ነው። እኛ «ነገ ይሻላቸው ይሆናል» ብለን ሦስት ቀን ጠበቅን። የታመመ ጫጩት ነገን የሚጠብቅበት ብዙ ኃይል የለውም።

ሦስተኛው ሞት፦ ደግነታችን ያመጣው

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን እንድረስ። በታኅሣሥ ወር ሦስተኛ ሳምንት 35ቱን ጫጩቶች ለስድስቱ እናቶች አከፋፈልን። ቁጥራቸው ካሰብነው ቢያንስም የነበሩት ጫጩቶች ያማሩ ነበሩ። በሳምንታቸው የፈንግል ክትባት ተከትበዋል። ሁለተኛው ዙር በአንድ ወር ግድም መሰጠት ነበረበት፤ እኛ ግን የደም ተቅማጡን ስናክም ቀኑ አለፈ፤ ከዚያም «ጤነኞች ናቸው» ብለን ተውነው።

የልደት በዓል ሲቃረብ የልማት ክፍላችን ሌላ በጎ ነገር አሰበ። እናቶቹ በዓሉን በደስታ እንዲውሉ ከገበያ ስድስት ዶሮዎች ገዝተን ለእያንዳንዷ አንዳንድ ሰጠን። ቀኑ ታኅሣሥ 25 ነበር። ዶሮዎቹ እስከሚታረዱ ድረስ በየቤቱ በጫጩቶቹ መካከል ታስረው አራት ሌሊት አደሩ። ከዚያው ዕቃ ጠጡ፤ ከዚያው ጥሬ ለቀሙ። አንዷ ዶሮ ትንሽ ታንኮራፋ ነበር፤ «መንገድ ነው፤ ብርድ ነው» ተባለ።

በጥር የመጀመሪያ ቀናት ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። አረንጓዴ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ያዛቸው። ክንፋቸው ወደቀ፤ የአንዳንዶቹም አንገት ወደ ኋላ ተጠመዘዘ። በአሥር ቀን ውስጥ 28ቱ ሞቱ። የጎረቤቶቻቸውም ዶሮዎች ተከትለው ሞቱ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ ካየና ሁሉን ከጠየቀ በኋላ «ይህ ፈንግል ነው» አለን።

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። በሽታው ካደረበት ዶሮ ወደ ሌላው ከተላለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በአምስትና በስድስት ቀን ምልክቱ ይታያል፤ ይሁንና ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከገበያ የመጣች ዶሮ ጤነኛ መስላ በሽታውን ይዛ ልትገባ ትችላለች። ባልተከተቡ ዶሮዎች መካከል ከገባ አንድም ላያስቀር ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ ሰዎች በየሱቁ እየገዙ በውኃ የሚበጠብጡት የሰው መድኃኒትም ለዚህ በሽታ አንዳች አይፈይድም። ያለው መከላከያ ክትባት፣ ንጽሕናና እንግዳን ዶሮ ለይቶ ማቆየት ነው።

ይህ ሁሉ ከመታወቁ በፊት ግን ሌላ ጉዳት ደርሶ ነበር። ከስድስቱ እናቶች አንዷ ጫጩቶቿ ከመታመማቸው በፊት ጎረቤቷ መጥታ «እንዴት አማሩ!» ብላ ነበር። ጫጩቶቹ ሲያልቁ «ዓይኗ ነው የበላቸው» ተባለ። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። ያች ጎረቤት ከዕድር ራቀች፤ ቡና የሚጠራትም አጣች። እርሷም ራሷ ሦስት ዶሮዎች በዚያው ሳምንት ሞተውባት እንደነበር የጠየቃት አልነበረም።

ክቡራን አባቶቻችን፤ የሞቱት ጫጩቶች በገንዘብ ይተካሉ። በሰውና በሰው መካከል የገባው ጥል ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም። የጉዳቱን ምክንያት ሳናውቅ ስንቀር ምክንያቱን በባልንጀራችን ላይ እንፈልጋለን። ስለዚህ የእንስሳትን በሽታ ማወቅ ለካህን ከአገልግሎቱ ውጭ የሆነ ነገር አይደለም፤ ሰላምን የመጠበቅ አገልግሎቱ አንድ ክፍል ነው። እኛም የንስሐ አባቷን ይዘን ወደዚያች እናት ቤት ሄድን። በሚቀጥለውም ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቆመን፣ በሽታውን በየቤቱ ያስገባነው እኛ በገዛናቸው ዶሮዎች እንደሆነ፣ ክትባቱንም ያስተጓጎልነው እኛ እንደሆንን ለምእመናን ተናገርን። ይህን መናገር ከባድ ነበር፤ ካልተናገርነው ግን አንዲት ንጽሕት ሴት የእኛን ጥፋት ተሸክማ በኖረች ነበር።

ክትባቱ ለምን የአጥቢያ ሥራ ሆነ?

እዚህ ላይ ዋናውን ነገር እንድታስተውሉልን እንለምናለን። የፈንግል ክትባት በአገራችን ይመረታል፤ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይዘጋጃል። ዋጋውም ለአንድ ዶሮ ሲካፈል ጥቂት ነው። ታዲያ ድሆች ለምን አያስከትቡም? ክትባቱ የሚመጣው ለብዙ ዶሮዎች በሚበቃ ብልቃጥ ስለሆነ ነው። ብልቃጡ ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይቀመጥም። አብዛኛው ዓይነት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መጓጓዝ አለበት፤ ሙቀትን የሚቋቋም ዓይነት ቢኖርም እርሱም ቢሆን ፀሐይ ላይ አይጣልም። አምስት ዶሮ ያላት አንዲት እናት ሙሉ ብልቃጥ ገዝታ፣ በረዶ ፈልጋ፣ ባለሙያ ጠርታ ልታስከትብ አትችልም። ብልቃጡ ለአንድ ደሃ ቤት አይከፈትም፤ ለአንድ አጥቢያ ግን ይከፈታል።

ሕዝቡን በአንድ ቀን በአንድ ቃል የሚሰበስብ ከቤተ ክርስቲያን የበለጠ ማን አለ? ደግሞም የዶሮን ገበያ የሚያንቀሳቅሰው የእኛው የጾምና የበዓል ሥርዓት ነው። በጾም ዶሮ አይታረድም፤ ገበያው ይቀዘቅዛል። በዓል ሲቃረብ ከየአገሩ ዶሮ በአንድ ገበያ ይከማቻል፤ ጤነኛውና ታማሚው በአንድ ቅርጫት ይታጨቃል፤ ያልተሸጠውም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሽታውም አብሮ ይሄዳል፤ አብሮም ይመለሳል። ስለዚህ በዓሉን ተከትሎ የሚመጣውን ሞት ጾሙ ሳለ ልንቀድመው እንችላለን።

በአጥቢያችን ያጸናነው ልማድ ይህ ነው። በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም በጾመ ነቢያት፣ በዐቢይ ጾም፣ በጾመ ሐዋርያትና በጾመ ፍልሰታ መግቢያ ሳምንታት የአጥቢያው ዶሮዎች ሁሉ ይከተባሉ። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ከአራት ወር አይበልጥም፤ ስለዚህ የክትባቱ ኃይል ሳይደክም ይታደሳል። ክትባቱ በዶሮው ሰውነት ውስጥ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግም የበዓል ገበያ ሲደርስ ዶሮዎቹ ታጥቀው ይቆያሉ። ቀኑን ማንም አይረሳውም፤ ጾም መግባቱን የማያውቅ ምእመን የለምና።

አፈጻጸሙም እንዲህ ነው። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ይነገራል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየመንደሩ ዶሮዎችን ይቆጥራሉ፤ እንደ ቁጥሩም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጥያቄ ይቀርባል። በተቀጠረው ቀን ዶሮዎቹ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ በንጋት ባለሙያው ከወጣቶቹ ጋር ቤት ለቤት ይዞራል። ለእያንዳንዷ ዶሮ በዓይኗ አንድ ጠብታ ይደረግላታል፤ ጠብታው እስኪሰርግ ተይዛ ትቆያለች። የታመመ ዶሮ አይከተብም። አዲስ የሚፈለፈሉ ጫጩቶች ግን ጾሙን አይጠብቁም፤ በሳምንታቸው ግድም የመጀመሪያውን፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሆናቸው ሁለተኛውን ይከተባሉ። በመካከል የሚሰጠውን የጉምቦሮ ክትባት ጨምሮ ሁሉም በባለሙያው መርሐ ግብር ይፈጸማል። ጉምቦሮም በሦስትና በስድስት ሳምንት መካከል ያሉ ጫጩቶችን ፈጥኖ የሚጥልና ከሞት የተረፉትንም ለሌላ በሽታ የሚያጋልጥ ስለሆነ አይናቅ።

ሞት በገባበት ቀን ምን እናድርግ?

ጥንቃቄ ሁሉ ቢደረግም ሞት ሊገባ ይችላል። በዚያ ቀን የሚደረገውን አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

የታመመው ወዲያው ይለያል። የሚጠብቀውም ሰው መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ ታማሚዎቹን ይጎብኝ፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። ዕድሜያቸው፣ የታመሙበት ቀን፣ የሞቱት ቁጥር፣ የኩሱ መልክ፣ በቅርቡ ከገበያ የገባ ዶሮ መኖር አለመኖሩ፣ መኖው መለወጡና ሻጋታ መያዙ በወረቀት ይጻፍ። ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው። በአንድ ሌሊት ብዙ ሲሞት መርዝም ሊሆን ስለሚችል በአካባቢው የተረጨ የተባይ መድኃኒት መኖሩም ይጠየቅ።

የሞተው ሜዳ ላይ አይጣል፤ ለውሻ አይሰጥ፤ ወንዝ ውስጥ አይወርወር። በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። በሽታ በገባበት ቤት ያሉ ዶሮዎችም ወደ ገበያ አይውጡ። ይህ ለድሃ ከባድ ትእዛዝ መሆኑን እናውቃለን፤ «ሳይሞቱ ልሽጣቸው» የማይል ማን አለ? ነገር ግን እኛ ያን ቀን ከገበያ የገዛናቸው ዶሮዎች ምናልባት እንዲህ ብሎ የሸጠ የአንድ ችግረኛ ሰው ዶሮዎች ነበሩ። የእርሱ ኪሳራ በእኛ እጅ ስድስት ቤት ገባ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ዶሮዎቹን እንዳይሸጥ ለሚጠይቀው ቤተሰብ ጥቂትም ቢሆን መደጎሚያ ማሰብ አለበት፤ ሳይደግፉ መከልከል አይሰማምና።

ከገበያ የሚመጣ ዶሮ ሁሉ፣ ለእርድም ይሁን ለእርባታ፣ ከቤቱ ዶሮዎች ተለይቶ ይታሰር፤ የሚጠጣበትም ዕቃ የተለየ ይሁን። ለእርባታ የመጣ ከሆነ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። የታረደው ዶሮ ላባና ሆድ ዕቃም ጫጩት በሚጭርበት ቦታ አይደፋ።

በዚህ ዓመት እንደገና ጀመርን። ቤቱ፣ ሙቀቱና ተረኞቹ ሳይዘጋጁ ጫጩት አናስመጣም ብለን ስለተማማልን ሥራው ሁለት ወር ዘገየ። 40 ጫጩቶች ተረክበን 35ቱ አድገው ለእናቶቹ ተሰጥተዋል። አምስቱ ሞተዋል፤ የእያንዳንዱም ሞት ቀንና ምክንያት በመዝገባችን ተጽፏል። ባለፈው ዓመት በሐሜት የተጎዳችው ያች እናትም ከተረካቢዎቹ አንዷ ናት፤ በመንደሯ የክትባት ቀን ሲደርስ ጎረቤቶቿን በንጋት የምትቀሰቅሰው እርሷ ናት።

ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ጫጩት ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ አደራ እንላለን። ሌሊቱን የሚያሞቃቸው ምንድን ነው? ጉዝጓዙን በየቀኑ የሚጠርገው ማን ነው? ክትባቱስ በየትኛው ቀን ይሰጣል? ለሦስቱም በስም የሚጠራ ሰውና በቀን የሚቆጠር መልስ ካላችሁ ግዙ። ከሌላችሁ ግን ገንዘቡ በሙዳዩ ይቆይ፤ ለድሃ የሚሰጥ ስጦታ ሐዘን ሆኖ እንዳይደርሰው መጠንቀቅም ምጽዋት ነው።